የመሐል ሜዳ ሚዛን

ማክሰኞና ዓርብ፣ አራት ሰዓት ሲሆን፣
ጉሙ ከጓሳ ላይ ካነሣ ጓዙን፣
አሥራ ዘጠኝ ወንበር የጫነች አውሮፕላን
ክንፏን ጋደል አርጋ ታይ ነበር ሜዳውን።

የኔ ሥራ ሚዛን። የእህል ሚዛን ነበር፣
ከገብስ ነጋዴ ያመጣነው በብድር።
ሰው ከነሻንጣው ወጥቶ ይቆምበታል፣
መርፌው ተንቀጥቅጦ አንድ ቦታ ያርፋል፤
አየሩ ስስ ነዋ፣ ገደሉ ቅርብ ነዋ፣
አምስት ኪሎ ብትሾልክ ማን ይችላል ጣጣዋ።

የዳኛውን ኪሎ፣ የሙሽራይቱን፣
የቄሱን ከነጥምጥማቸው፣ የነፍሰ ጡሯን
(ሁለት ነፍስ፣ አንድ ትኬት)፣
ለሕክምና ሄዶ በወሩ ሲመለስ ያነሰውን ሰው ክብደት፣
ሁሉን ጽፌዋለሁ በዚህ በደብተሬ።
አንድ ሰው ብቻ ነው ያልመዘንኩት እስከዛሬ፦
ካፒቴን ወንድይፍራው። «ይውጡ» ስላቸው ይስቃሉ፣
«እኔ ከብረቱ ጋር ተቆጥሬያለሁ» ይላሉ።

መጀመሪያ የቀረው የዓርቡ ጉዞ ነው።
ቀጥሎ ጎማ ጠፋ፤ ጎማው በዶላር ነው፣
ዶላሩ ወረፋ፣ ወረፋው ዓመት ነው።
ከዚያ ብስኩት ቀረ (ማንም አልከፋውም)፣
ከዚያ ደመወዙ። መስከረም አልመጣም፣
ጥቅምትም አለፈ፣ ኅዳርም ትንፍሽ አላለም።

ወሬው ግን በረረ፣ ነዳጅ አይፈልግ እሱ፦
«ደብረ ብርሃን ያለ ባለብርድ ልብሱ
ሊገዛት ነው» ተባለ። «የለም፣ ባንኩ ወርሷት
በቁርጥራጭ ዋጋ ለብረት ሊሸጣት።»
«ኧረ ሌላ ድርጅት
ከነአብራሪዎቿ ሊጠቀልላት።»
እንዲህ ስንል ከረምን። እሷ ግን ሸራ ለብሳ
ቆማለች፤ ሞተሯ ውስጥ ወፍ ጎጆ ቀልሳ።

ረዳት አብራሪዋ ትርሲት ሺህ አንድ መቶ ሰዓት አላት፤
ካፒቴን ለመባል አራት መቶ ቀራት።
አከራይዋ አንድ ማለዳ ኪራይ ሊጠይቃት መጥቶ
«ሰዓቱ በብር ስንት ነው?» አላት፣ ደብተሯን አይቶ።
የግድግዳ ሰዓት ሲቆም ባትሪ ይገዛል፤
የትርሲትን ሰዓት ምን ያንቀሳቅሰዋል?

ዘበኛው አጥላባቸው ምንም አልጠየቀም።
የነፋስ ማሳያው ሲቀደድ ቆሞ አላየም፤
በአሮጌ ባና ጣፈው። ዛሬም የበግ ጠጉር ነው
ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ የሚነግረው
ለማይመጣ ሰው።
በየማክሰኞው ደግሞ አህዮች ያባርራል
ከመንደርደሪያው ላይ። «ልማድ ነው» ይለኛል።

እኛ መዝጋት እናውቃለን። ጓሳ ሲከበር፣
ማጭድ አይነካውም ሣሩ እስኪያምር፣
ሦስት ዓመት፣ አምስት ዓመት። ግን የሚከፍተው
አባት ስሙ ይታወቃል፣ ቀኑም የተቆረጠ ነው።
ለዚህኛው መዝጊያ ግን ከፋቹ ማነው?

ባለፈው ሰኞ ካፒቴኑ በአይሱዙ መጡ።
ለግራ ወንበር ሃያ ዓመት ላባቸውን ያወጡ፣
ከሾፌሩ በስተቀኝ ነው የተቀመጡት በተራ፣
በአራቱ የወርቅ መስመር ላይ የጣርማ በር አቧራ።

ሬዲዮውን ሊወስዱ ነው፤ ዋናው ቢሮ ጠርቶታል።
ብሎኑን በዝግታ ፈቱት፣ ሽቦው ተጠቅልሏል።
«አንድ ኩባንያ ቻድ ውስጥ አብራሪ ይፈልጋል» አሉ፣
«ሃምሳን የረገጠ ግን አይሆነንም ይላሉ።»

ከዚያ፣ ሳልጠይቃቸው፣ ሚዛኑ ላይ ወጡ።
መርፌው ወዲህ ወዲያ አለ። እሳቸው ዝም።
«ስንት ነው?»
«ስልሳ አንድ።»
«ቀለልኩ አይደል?» አሉኝ።
የትኛውን መቅለል እንደጠየቁኝ ሳይገባኝ
ቁጥሩን ብቻ ጻፍሁት፤ ሌላው ቃል ከበደኝ።

ከሸንተረሩ ማዶ የሞተር ድምፅ ተሰማ፤
ሁለታችንም ቀና አልን፤ ሰማዩ ግን ጨለማ።
ወፍጮ ነው። የገብስ ወፍጮ። ማታ የሚነሣ።
አጥላባቸው ግን ዱላውን ይዞ ሮጦ ነበር፣
አህዮቹን ሊያስነሣ።